«ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ክርስትና አጀማመርና እምነት የቀረበ ጥያቄ

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ሲሆን እምነቴ እስልምና ነው፤ የእናቴ ወገኖች ግን ክርስቲያኖች ናቸው። ይህ በወሎ ምድር ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። ባለፈው ወር ደሴ ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ዐርፈው የ40 ቀን ተዝካራቸው ሲወጣ፣ ከቅሬው (ከዕድሩ) ሰዎች ጋር ድንኳን ስተክልና ውሃ ሳመላልስ ካመሸሁ በኋላ ለእስላሙ ዘመድ ለብቻው የሚታረደውን በግ አሳርጄ እዚያው አደርሁ። ሌሊቱ ሲነጋጋ ዓይናቸው የደከመውን አክስቴን ክንዳቸውን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አደረስኋቸውና ከበሩ ውጭ ካለው ጥድ ሥር ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ከድምፅ ማጉያው ይሰማ የነበረው ዜማ ጋብ ብሎ ሕዝቡ በሙሉ በአንድ ድምፅ በንባብ የሚለው ነገር ተሰማኝ። ከዚያ ንባብ ውስጥ «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» የሚለው ሐረግ በጆሮዬ ቀረ። ኋላ የአክስቴን ልጅ ብጠይቀው «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ ማለት ነው» አለኝ፤ እንዴት እንደሆነ እንዲያስረዳኝ ስለምነው ግን «ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንዲሁ እንላለን» ከማለት አላለፈም። እኔ ደግሞ ስቀራ መጀመሪያ በቃሌ ከያዝኋቸው ምዕራፎች አንዱ ሱረቱል ኢኽላስ ነው፤ እርሱም አላህ አልወለደም፣ አልተወለደምም ይላል።

ለክርክር አልመጣሁም። ዕድሜዬን ሙሉ በዓላቸውን አብሬ ያከበርሁት፣ ለቅሷቸውን አብሬ ያለቀስሁት ዘመዶቼ ምን እንደሚያምኑ አለማወቄ ስላሳፈረኝ ነው የጻፍሁት። ይህ ሃይማኖት እንዴት ተጀመረ? ይህ ሐረግስ ለምን አስፈለገ? ሌላም አለኝ። የነቢዩ ባልደረቦች ወደ ሐበሻ ተሰደው በመጡ ጊዜ ጃዕፈር ሱረቱ መርየምን ሲያነብለት ንጉሡ ነጃሺ ማልቀሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ያ ንጉሥ በዚያን ጊዜ ያምነው የነበረው ክርስትና ምን ዓይነት ነበር? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ብዙ ነው።

የሐይቅ ተማሪ (ደሴ)

በመጀመሪያ የአጎትዎን ነፍስ ያሳርፍልን፤ ለአክስትዎም መጽናናትን ይስጥልን። እኔ በልጅነቴ ሐይቅ አካባቢ ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገምሁ፣ አሁንም በደሴ በዲቁና የማገለግል ሰው ነኝ። የሰሙት ጸሎተ ሃይማኖት ይባላል፤ በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ በጋራ የሚመሰክረው ነው። ሐረጉን ለመረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሣት ስለሚሻል ትንሽ ይታገሡኝ።

ክርስትና የተጀመረው በሮማውያን አገዛዝ ሥር በነበረችው በይሁዳና በገሊላ በአይሁድ መካከል ነው። ጌታችን ኢየሱስ በቤተ ልሔም ተወለደ፤ በናዝሬት አደገ፤ ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ሲሆነው በዮርዳኖስ ወንዝ በዮሐንስ እጅ ተጠምቆ ማስተማር ጀመረ። ዐሥራ ሁለት ሐዋርያትን መረጠ፤ ድውያንን ፈወሰ፤ የእግዚአብሔር መንግሥት ቀርባለች ብሎ ሰበከ። ያስተምርበት የነበረው ቋንቋ አራማይስጥ ነበር፤ ወንጌላውያኑ በጽርዕ፣ ማለትም በግሪክ ቋንቋ፣ ቢጽፉም ጥቂት ቃላቱን እንደተነገሩ አስቀርተዋቸዋል። ከእነዚህ አንዱ የሞተችውን ልጅ እጇን ይዞ «ጣሊታ ቁሚ» ያላት ነው። የማርቆስ ወንጌል ለግሪክ አንባቢዎቹ ይህን መተርጎም አስፈልጎታል፤ እኛ ግን «ቁሚ» የሚለውን ያለ አስተርጓሚ እንሰማዋለን፤ ቋንቋዎቻችን ዘመዳማቾች ናቸውና። እኔ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ድምፁ ከቅርብ የሚመጣ ይመስለኛል።

«ክርስቶስ» የሚለው ቃል የአባት ስም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቃሉ በጽርዕ «የተቀባ» ማለት ሲሆን የዕብራይስጡ «መሲሕ» ትርጉም ነው፤ እናንተም «አልመሲሕ» የምትሉት ይህንኑ ነው። በእስራኤል ነገሥታትና ካህናት ሲሾሙ ዘይት ይቀቡ ስለነበር አይሁድ ይጠብቁት የነበረውን አዳኝ በዚህ ስም ጠሩት። ስለዚህ «ኢየሱስ ክርስቶስ» ማለት በራሱ ምስክርነት ነው፤ የተጠበቀው እርሱ ነው እንደ ማለት።

ከ26 እስከ 36 እ.ኤ.አ. ይሁዳን ያስተዳድር በነበረው በጲላጦስ ጊዜ፣ በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ተሰቀለ። ደቀ መዛሙርቱ ተበትነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከሙታን ተነሥቶ እንዳዩት መሰከሩ፤ ለ40 ቀናት እየታያቸው ቆይቶ ዐረገ፤ በ50ኛውም ቀን መንፈስ ቅዱስ ወረደላቸው። ከዚህ በኋላ ምስክርነታቸውን የሚያስቆማቸው አልተገኘም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓመታት ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ እርሱም ከሌሎች የተቀበለውን እንዳስተላለፈላቸው ገልጾ፣ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፣ ለኬፋም (ለጴጥሮስ) ታየ ይላል። ይህ ቃል አራቱ ወንጌላት ከመጻፋቸው በፊት በአፍ ሲተላለፍ የነበረ ምስክርነት ነው፤ እርስዎ ከጥዱ ሥር የሰሙት ንባብም ሥሩ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከአይሁድ ወገን ያልሆነ ሰው ለማመን ሲመጣ የሙሴን ሕግ ሁሉ ይፈጽም ወይስ አይፈጽም የሚለው ነበር። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከተመካከሩ በኋላ ይህ ቀንበር በአሕዛብ ላይ እንዳይጫን ወሰኑ። ሃይማኖቱ ከአንድ ሕዝብ ወጥቶ የሁሉ የሆነው በዚህ ውሳኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ክርስቲያን» የሚለው ስምም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጣቸው በአንጾኪያ ነው።

አሁን ወደ ሐረጉ ልመለስ። «ተገብረ» የሚለው ግእዝ ግብርና ተግባር ከሚሉት ቃላት ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን «ተሠራ፣ ተፈጠረ» ማለት ነው፤ «ወአኮ» ደግሞ «አይደለም» ማለት ነው። ሊቃውንቶቻችን ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩን አብን በልብ፣ ወልድን በቃል፣ መንፈስ ቅዱስን በእስትንፋስ ይመስሉልናል። ቃል ከልብ ይወለዳል፤ ሲወለድ ግን ልብ አይከፈልም፣ አይጎድልም፤ ቃል ያልነበረው ልብ የነበረበት ጊዜም የለም። «ተወልደ» ስንል ይህን ማለታችን ነው። ሚስት፣ ፅንስ፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚባል ነገር አይገባበትም። አንድ ሰው ክርስቲያኖች እግዚአብሔር እንደ ሰው ልጅ ወለደ ይላሉ ቢልዎ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይህን አባባል የምታወግዘው መሆኑን ይወቁልኝ። በእናንተም መጽሐፍ ዒሳ (ኢየሱስ) ከአላህ የሆነ ቃል መባሉን አውቃለሁ። ነገር ግን ልዩነታችንን አልሸፍነውም። እኛ ቃል ስንል ራሱ አምላክ የሆነውን፣ በኋላም ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ሰው የሆነውን ነው፤ በዚህ ላይ መንገዳችን ይለያል።

የታሪክ መምህር (ደሴ)

ዲያቆን በሚገባ አስረድተዋል። እኔ «ለምን አስፈለገ» ለሚለውና ስለ ነጃሺ ለተጠየቀው የበኩሌን ልጨምር፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ጠያቂው ከሚገምቱት በላይ የተያያዙ ናቸውና።

ክርስቲያኖች በሮም ግዛት ለረጅም ዘመን፣ አንዳንዴ በጽኑ፣ ተሳድደዋል። በ313 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ነጻነት ሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ አርዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቄስ ወልድ ከፍጥረታት ሁሉ የከበረ ቢሆንም እርሱም የተፈጠረ ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ በማስተማሩ ታላቅ ክርክር ተነሣ። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ጉባኤ ተደረገ፤ ቤተ ክርስቲያናችን የተሰበሰቡትን አባቶች 318 ብላ ታስባለች። «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለው ሐረግ የዚያ ጉባኤ መልስ ነው። እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የገባው አንድ የተወሰነ ትምህርትን ለመመለስ ስለሆነ፣ ክርክሩን ላላወቀ ሰው ቢከብድ አይገርምም። ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚናገረው ክፍል በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ሰፋ።

በኒቅያ የእስክንድርያውን ጳጳስ ተከትሎ የሄደ አትናቴዎስ የሚባል ወጣት ዲያቆን ነበር፤ ይህን ስም ያዙልኝ። በዚያው ዘመን ከጢሮስ የመጡ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆች የተሳፈሩባት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ጥቃት ደርሶባት፣ እነርሱ ተርፈው በአክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ። ፍሬምናጦስ ካደገ በኋላ በአገሩ ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ለመጠየቅ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በመንበሩ ተቀምጦ ያገኘው ያንኑ አትናቴዎስን ነበር፤ አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ የት ይገኛል ብሎ ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ላከው። የእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እርሱ ነው። እንግዲህ ለዚያ ሐረግ ዕድሜውን ሙሉ የተሰደደለት ሰው ነው የመጀመሪያውን ጳጳስ ለአክሱም የሾመው። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማም ለአርዮስ ወገን ያዘነበለው የሮም ንጉሥ ቆስጣንዮስ ፍሬምናጦስ ተመልሶ እንዲመረመር የሚጠይቅ ደብዳቤ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ጽፏል፤ ፍሬምናጦስ ግን በመንበሩ ጸና።

የንጉሥ ኢዛና እምነት መለወጡ በእጅ በሚዳሰስ ነገር ላይ ይታያል። በቀድሞዎቹ ሳንቲሞቹ ላይ ጨረቃና ክብ ተቀርጾ ነበር፤ በኋለኞቹ ላይ መስቀል ገባ። በጽርዕ ከተጻፉት የድንጋይ ጽሑፎቹ አንዱም አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። እስላሞች ስደተኞች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ አክሱም ሲደርሱ የአገሪቱ ክርስትና ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ከእስክንድርያ ጋር የታሰረና ጸሎተ ሃይማኖትን የሚደግም ነበር። ንጉሡ በኋላ ምን ሆነ በሚለው ላይ የሁለታችን ትውፊት ቢለያይም፣ ቤተ መንግሥቱ ያኔ የነበረበት እምነት ይህ ነው።

በ451 እ.ኤ.አ. በኬልቄዶን በተደረገው ጉባኤ ክርስቲያኖች ተለያዩ። የሮምና የቁስጥንጥንያ ወገን ክርስቶስ ከተዋሕዶ በኋላም በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ሲል፣ የእስክንድርያ ወገን መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት ተዋሕደው አንድ ሆኑ አለ። «ተዋሕዶ» የሚለው ስማችን የመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ልደት የተደረገው ክርክር ደግሞ ሩቅ አገር ብቻ አልቀረም። ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ምኒልክም ባሉበት ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት በዚሁ በልደት ነገር ነው፤ ሁለት ልደት የሚሉት የተዋሕዶ ሰዎች ሦስት ልደት የሚሉትን ረቱ። ሁለቱ ልደታት ከአብ ያለ እናት ከዘመናት በፊት፣ ከእናቱ ከድንግል ማርያም ያለ አባት በኋላ ዘመን የተወለዳቸው ናቸው። በዚያው በቦሩ ሜዳ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ መታዘዙንም መደበቅ አይገባኝም። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ አሊ የተጠመቁት በዚያን ጊዜ ነው። ጥምቀት ከእምነት የሚመነጭ መሆኑን የምታስተምር ሃይማኖት በዐዋጅ ስታጠምቅ ራሷን ተቃረነች ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ቆስሏል። የጠያቂያችንን ጨምሮ የብዙዎቻችን የዘር ሐረግ በሁለቱ እምነት መካከል የሚመላለሰው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። የመምህሩ የመጨረሻ ቃል በቤታችንም የሚነገር ታሪክ ስላለበት ልቤን ነክቶታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በእኛ እምነት ዒሳ አልተሰቀለም። ለእናንተ ግን መስቀሉ ሁሉ ነገር እንደሆነ በየቦታው አያለሁ፤ ከግማደ መስቀሉ የተነሣ በየዓመቱ መስከረም 21 ወደ ግሸን የሚተምመውን ሕዝብ አውቃለሁ። አንድ ሰው ስለ ሌላው ኃጢአት መሞቱ ግን እንዴት ፍርድ ሊሆን ይችላል?

የወንጌል አማኝ (ኮምቦልቻ)

እኔ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የማመልክ ሴት ነኝ። እስካሁን ስለ ሥላሴና ስለ ጌታ ሰው መሆን የተባለውን እኛም እናምናለን። ከ1517 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ከተነሣው ተሐድሶ የወረስነው ልዩነት በአብዛኛው ሰው እንዴት ይድናል፣ ትውፊት ምን ሥልጣን አለው፣ ቅዱሳን ያማልዳሉ ወይ በሚሉት ላይ ነው፤ ተዝካርም አናወጣም። ይህን ለሌላ ቀን ልተወውና የመስቀሉን ጥያቄ ልመልስ።

በአገራችን ደም ሲፈስ ሽማግሌዎችና አበጋሮች ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። በልጅነቴ አያቴ ቤት ደጃፍ እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቻለሁ፤ የገዳዩ ወገኖች ራሳቸውን ደፍተው ቆመው የሟች እናት ቀና ብላ እስክታያቸው ድረስ ማንም አይናገርም ነበር። በዚያ ሥርዓት በዳይ ይክሳል፣ ተበዳይ ይቅር ይላል። ይቅር ባይዋ ግን ካሣ ተቀብላም ቢሆን ልጇን አታገኝም፤ የይቅርታው ትልቁ ዕዳ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ወንጌል የሚለው የተበደለው እግዚአብሔር ራሱ ካሣውንም ከፈለ ነው። አምላክ አንድን ንጹሕ ሦስተኛ ሰው ይዞ ስለ እኛ ቀጣው ብንል በእርግጥ ፍርድ አይሆንም ነበር። ዲያቆን ስለ ልደት ያስረዱት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የተሰቀለው ፍጡር ከሆነ ቤዛነቱ ይፈርሳል፤ ሰው የሆነው አምላክ ከሆነ ግን ፈራጁ ራሱ ዕዳውን ተሸከመ ማለት ነው። በአማርኛችን «ቤዛ ሆነለት» የምንለው ይህን ነው።

በተረፈ እምነታችን የቀመር ብቻ እንዳይመስልዎ የማቴዎስ ወንጌልን ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ያንብቡ። ጠላትን ስለ መውደድ፣ በስውር ስለ መመጽወት፣ «አባታችን ሆይ» ስለሚለው ጸሎትም ያገኛሉ። እኔ እምነቴን የተማርሁት ከዚያ ነው፤ ዛሬም የሚከብደኝ እርሱ ነው።

የሐይቅ ተማሪ (ደሴ)

እኅቴ ያሉት መልካም ነው፤ በተዝካሩ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለሞቱት መጸለይን ከጥንት የተቀበለችው ስለሆነ አንስማማም። ለጠያቂያችን አንድ ቀሪ ነገር ላመልክት። ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቷን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር በሚባሉት ታስተምራለች፤ ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ፣ ማለትም ስለ ጌታ ሰው መሆን፣ ተነጋግረናል፤ ጥምቀትና ቁርባን ይከተላሉ፤ የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። ጸሎተ ሃይማኖትም የሚያበቃው በዚሁ ነው፤ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» ይላል። «ንሴፎ» ማለት «ተስፋ እናደርጋለን» ማለት ነው፤ «ተስፋ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሕዝቡ ያን ዕለት ስለ አጎትዎ ቆሞ ያለው ይህን ነው። እርስዎም በሒሳብ መዝገብም ይሁን በደብዳቤ ላይ «ዓ.ም.» ብለው በጻፉ ቁጥር «ዓመተ ምሕረት»፣ የምሕረት ዓመት፣ ይላሉ፤ አቈጣጠሩ የሚነሣው ከዚሁ ከጌታ ሰው መሆን ነው።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ በእምነቴ እንዳለሁ ነኝ፤ ነገር ግን ዘመዶቼ ምን እንደሚሉ አሁን ይሰማኛል። ትናንት ማታ ለአክስቴ ስልክ ደውዬ ስለ «ንሴፎ» የተጻፈውን አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ቃሉን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እንደሚሉት፣ «ተስፋ» ማለት መሆኑን ግን ገና አሁን መስማታቸውን ነገሩኝ። ከዚያም እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ቀስ እያሉም ከእኔ ጋር አሉት። የሙት ዓመቱ ሲደርስ እንደገና እኔው ወስጄ በሩ ድረስ አደርሳቸዋለሁ።